ነገ የዱቤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ

(በድሬዳዋ ለኮምፒውተር ጀማሪዎች በተዘጋጀ የማታ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ!

ሰዓቱን ወደ 11 የገፋነው ሙቀቱ በረድ ይበል ብለን ነው። ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ እንደምታርፍ እያወቀ ሰውን በ8 ሰዓት ክፍል የሚጠራ አስተማሪ፣ ተማሪ ቢቀርበት ማንንም መውቀስ የለበትም።

ከቀፊራ ገበያ ንግዳቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው የመጡ እናቶች እዚህ አሉ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አባቶች አሉ። ባጃጃቸውን በር ላይ አቁመው የገቡ ወንድሞችም፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። ስትመዘገቡ አብዛኞቻችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «እኔ እንኳ ምንም አላውቅም» አላችሁ። ግድ የለም። ኮርሱ የተዘጋጀው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ከገባ ቦታ አጣበበ ማለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በየከተማው «ቤዚክ ኮምፒውተር» የሚባለው ትምህርት ሲጀመር ደብተር ይወጣና «ኮምፒውተር ማለት ዳታ ተቀብሎ፣ አቀናብሮ፣ ውጤት የሚሰጥ ማሽን ነው» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ የኮምፒውተር ትውልዶች ይዘረዘራሉ። ከዚያ ግብዓትና ውጤት መሣሪያዎች። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። አንድ ማመልከቻ ጽፈህ አምጣ ሲሉት ግን ተመልሶ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ከፍሎ ያስጽፋል። እኛ እንደዚያ አንጀምርም። ከራሳችሁ ሥራ ነው የምንጀምረው። ዱቤ የምትሰጡ እናቶች የዱቤ ደብተራችሁን አምጡ። ማመልከቻ ያለበት ሰው ማመልከቻውን፣ የዕድር ጸሐፊ የሆነ ሰው የመዋጮ መዝገቡን ይዞ ይምጣ። ሰው የራሱን ጉዳይ ሲሠራበት የተማረውን አይረሳም። የሌላ ሰውን ምሳሌ ሲገለብጥ ግን በማግስቱ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላታችን ልምጣ። ፍርሃት ነው። «ብነካው ቢበላሽስ?» የሚለው።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየነው ቢሮ ውስጥ ነው። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚነካው፣ ሌላው «ኧረ እንዳትነካ!» የሚባልበት ዕቃ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ ይህ ከተማ ራሱ በማሽን የተወለደ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋን በዛሬ መልኳ አናውቃትም ነበር። ከእናንተ መካከል ትልልቅ የባቡር ሞተር ፈታችሁ የገጠማችሁ፣ ፈረንሳይኛውን ሥራ ላይ ሆናችሁ የለመዳችሁ አባቶች አላችሁ። አቦ፣ ያንን የደፈረ እጅ ይህችን ቁልፍ ይፈራል?

ኮምፒውተርን የሚጎዳው ምንድን ነው? ከጠረጴዛ መውደቅ። ኪቦርዱ ላይ የተደፋ ሻይ። አቧራና ሙቀት፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚንቀራፈፈው» የምትሉት አንዳንዴ ለዚህ ነው። ላፕቶፕ አልጋ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፣ አየር የሚያስወጣበት ቀዳዳ ይታፈናል። ከየትም የመጣ ፍላሽ መሰካትም አደጋ አለው፤ ቫይረስ ይዞ ይገባና ፎልደሮቻችሁን (የፋይል ማኅደሮቻችሁን) ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚባል አቋራጭ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። ቁልፍ በመሳሳት መጫን ግን ኮምፒውተር አይሰብርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንማረው ወደ ኋላ መመለስን ነው። ማብራት ከተማርን በኋላ ወዲያው «ኮንትሮል ዜድ»ን እንማራለን። ኮንትሮልን ይዛችሁ ዜድን ስትጫኑ አሁን ያደረጋችሁት ይሻራል። ደግማችሁ ስትጫኑ ከዚያ በፊት የነበረው ይሻራል። ጽሑፉ በሙሉ ጠፋ? ኮንትሮል ዜድ። ፊደሉ ድንገት ግዙፍ ሆነ? ኮንትሮል ዜድ። ያልጠራችሁት መስኮት ፊታችሁ ቢገተር ደግሞ በስተግራ ጥግ ላይ «ኢስኬፕ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ያባርረዋል። ፋይል ብትሰርዙ እንኳ ወዲያው አይጠፋም፤ ሪሳይክል ቢን የሚባል ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ከፍላሽ ላይ የሰረዛችሁት ግን እዚያ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። እዚያ ላይ ብቻ ቆም ብላችሁ አስቡ።

የሚያሳዝነው ጥፋት ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ። የምትጽፉት ነገር ሴቭ እስክታደርጉት፣ ማለትም እስክታስቀምጡት ድረስ ያለው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራም ባዶውን ይቀራል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ዴስክቶፕ (የጠረጴዛው ኮምፒውተር) ግን ዩፒኤስ የሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው እዚያው ድርግም ነው። ወርድ የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም በራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ ግን 10 ደቂቃ ስትጽፉበት ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮል ኤስ፤ ሴቭ የሚያደርገው እሱ ነው። እጃችሁ ሳታስቡት እስኪያደርገው ድረስ እጮህባችኋለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ማውስን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ዳግላስ ኤንገልባርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ያሳየው ነው፤ የመጀመሪያው ሞዴል ከእንጨት የተሠራ ነበር። እኛ የምንለማመደው በካርታ ጨዋታ ነው። ሶሊቴር ትባላለች። የመጀመሪያ ቀን ካርታ ስትጫወቱ ያየ ሰው «ለዚህ ነው ከቤት የወጣችሁት?» ቢል አትፈሩ፤ ካርታ ጎትቶ ቦታው ላይ መጣል የማውስ ትምህርቱ ራሱ ነው። ጣታቸው ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን የሚያስቸግራቸው አባቶች ካሉ የደብል ክሊኩን ፍጥነት ማዘግየት ይቻላል። ፊደሉ ያነሰባቸው ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ቢያንከባልሉት ይጎላላቸዋል። መነጽር ያላችሁ ግን መነጽራችሁን አትርሱ።

በአማርኛ መጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል እሱ ነው። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን ጥቂት ናቸው። ይህ ጭንቅ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም፣ በጽሕፈት መኪናም ዘመን ነበር፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ለማስፈር የደከሙት ለዚሁ ነው። ዛሬ መፍትሔው ቀላል ነው። የእንግሊዝኛውን «ኤል» (L) ስትጫኑ ል ትወጣለች። «ኢ»ን (E) ስታስከትሉበት ለ ትሆናለች። «ዩ» (U) ብታስከትሉ ሉ፣ «ኤ» (A) ብታስከትሉ ላ። ሀሁ ላይ ዜማ አውጥቶ የቆጠረ ሰው በሁለት ቀን ይገባዋል። እንዲያውም ከልጆቹ ይልቅ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉት ይቀድማሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ደግሞ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ቋንቋ ነበረው። አንዱ ጋ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት ዶላርና ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። አሁንም በድሮ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የተጻፈ ፋይል ሲላክላችሁ ይህ ያጋጥማችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ የተጻፈበት ፎንት እናንተ ጋ ስለሌለ ነው። በዩኒኮድ የጻፋችሁት ግን ቴሌግራም ላይም፣ ስልክ ላይም፣ ጅቡቲ ያለ ዘመዳችሁ ዘንድም ያው አማርኛ ነው።

ኤክሴል ስለሚባለው የሠንጠረዥና የሒሳብ ፕሮግራም ዛሬ የምለው ለዱቤ ባለቤቶች ነው። አራት ዓምድ ታበጃላችሁ፦ ስም፣ ቀን፣ የወሰደው፣ የከፈለው። ከሥር ድምሩን እሱ ይሠራዋል። አንድ ቁጥር ብታስተካክሉ ድምሩ በራሱ ይስተካከላል። አንድ ገጹ 1,048,576 ረድፍ አለው፤ የቀፊራ ሰው ሁሉ ዱቤ ቢወስድ እንኳ ቦታ አይጠፋም። ገንዘቡን ማስከፈል ግን እንደ ድሮው የእናንተ ፈንታ ነው።

ልጆች ደግሞ ስሙኝ። እናንተ ስልክ ላይ ስላደጋችሁ እጃችሁ ፈጣን ነው። ቤት ውስጥ እናቶቻችሁን ስታስተምሩ ምን እንደምታደርጉ አይቻለሁ። «በቃ ተይው፣ እኔ ልሥራው» ትሉና ማውሱን ትነጥቃላችሁ። ሥራው ያልቃል፣ እማማ ግን አልተማሩም። እዚህ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ማውስ መንካት ክልክል ነው። በአፍ መናገር ይቻላል፣ በጣት ማሳየት ይቻላል። እጅ ግን ይሰብሰብ።

ሌላ የማላሾፍበት ነገር አለ። የቴሌብር ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥራችሁን ለእኔም፣ አጠገባችሁ ለተቀመጠውም፣ ደውሎ «ሎተሪ ደርሶዎታል» ለሚል ሰውም አትናገሩ። በስልክ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። ምንም ያህል «እናቴ» እያለ ቢለሰልስ ሌባ ነው።

በሉ ወሬው ይብቃን። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ወጣት ጋር። የማብሪያው ቁልፍ ላይ ክብ ምልክት አለ፣ በላዩ ቀጥ ያለች መስመር አለችበት። አንዴ ብቻ ተጫኑና ልቀቁ፤ ደጋግማችሁ እንዳትጫኑ፣ ለመነሣት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። የሚያበሩት ትልልቆቹ ናቸው። ልጆች፣ እጅ ወደ ኋላ!