ስቲልተን በስቲልተን አይሠራም

እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አይብ ነው፣ ያውም ስለ ሻገተ አይብ። ፊታችሁን አታኮሳትሩ፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር።

ስቲልተን ይባላል። እንግሊዞች በተለይ ለገና ከፖርት ወይን ጋር ያቀርቡታል። መሀሉ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋው ሰማያዊ መስመር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሻጋታው መጀመሪያውኑ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ አይቡ ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው ደግሞ በረጃጅም የብረት መርፌዎች ይወጋል፣ በቀዳዳው አየር ሲገባ ሻጋታው ነፍስ ይዘራል።

እኔን የገረመኝ ግን ስሙ ነው። ስቲልተን ከለንደን ወደ ሰሜን በሚወስደው በድሮው መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰረገላ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ቤል ኢን የሚባለው ማረፊያ ባለቤት ኩፐር ቶርንሂል አይቡን ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር፤ መንገደኛው አይቡን በመንደሯ ስም ጠራው፣ በዚያው ጸና። ደራሲው ዳንኤል ዴፎም እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ በዚያ ሲያልፍ ያየውን ጽፏል፦ አይቡ ከነትሉ ይቀርባል፣ ትሉን የሚበሉበት ማንኪያም አብሮ ይመጣል! (የዛሬው ትል የለውም፣ አይዟችሁ።)

እ.ኤ.አ. በ1996 ስሙ በአውሮፓ ሕግ ተጠበቀ። ስቲልተን መባል የሚችለው በደርቢሻየር፣ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር የተሠራ ብቻ ነው። መንደሯ ያለችው ደግሞ ካምብሪጅሻየር ውስጥ! ስለዚህ ስቲልተን መንደር ውስጥ አይብ ሠርቶ ስቲልተን ማለት ክልክል ነው። ነዋሪዎቹ አመልክተው ነበር፣ ግን አልተሳካም። ስም መጠበቁን አልቃወምም፤ ባይጠበቅ የትም ያለ ፋብሪካ ይለጥፈው ነበር። ይሄ ግን ስም ያወጣችን አያት ከክርስትናው ድግስ እንደማባረር ነው።

ሌላም አለ። ሕጉ ወተቱ ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት የሞቀ፣ ይሁን ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆ ሽናይደር የሚባል አይብ ሠሪ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ፣ ማለትም በተፈቀደው ቦታ፣ እንደ ድሮው በጥሬ ወተት መሥራት ጀመረ። ስሙን ተከለከለ። እሱም የመንደሯን ጥንታዊ አጠራር ፈልጎ አይቡን ስቲችልተን አለው።

ሁለቱንም ቆርጬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የቱ የቱ እንደሆነ አልጻፍኩም። ቅመሱና ንገሩኝ።