የቴፕ ሳቹሬሽን፦ ቤት ውስጥ ለተቀዳ ሙዚቃ ምን ይጨምራል?

ቤት ውስጥ በማይክሮፎንና በኦዲዮ ኢንተርፌስ የተቀዳ ክራር ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ጆሮን ይወጋል። ጣት ክሩን በመታ ቁጥር የሚፈጠረው ቅጽበታዊ የድምፅ ጫፍ ከተከታዩ ድምፅ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ትራኩን ከፍ ስናደርገው ጫፉ ያስቸግራል፤ ዝቅ ስናደርገው ደግሞ ዜማው ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሥር ይሰወራል። የቴፕ ሳቹሬሽን ፕለጊን (በሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም ውስጥ ተከፍቶ የቴፕ መቅረጫን ባሕርይ የሚኮርጅ ሶፍትዌር) በዋናነት የሚያቃልለው ይህን ችግር ነው።

(ስክሪን፦ የክራሩ ዌቭፎርም፣ ሹል ጫፎቹ ጎልተው)

የቴፕ መቅረጫ ማግኔቶፎን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1935 በርሊን ላይ ለሕዝብ የቀረበ የጀርመን ሥራ ነው። ቴፑ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ የተቀባ ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከመቅጃው «ሄድ» (ቴፑ ታክኮት ከሚያልፈው ክፍል) በሚወጣው መግነጢሳዊ መስክ ብናኞቹ አቅጣጫ እየያዙ ድምፁን ይመዘግባሉ። መስኩ እየበረታ ሲሄድ ግን አብዛኞቹ ብናኞች አስቀድመው ስለተሰለፉ፣ የሚጨመረው ኃይል የሚያመጣው ለውጥ እያነሰ ይመጣል፤ ሳቹሬሽን የሚባለው ይህ ነው። በዚህም የተነሳ የድምፁ ጫፍ በድንገት አይቆረጥም፣ ቀስ በቀስ ይለዝባል እንጂ። የማዕበሉ ላይኛና ታችኛ ጫፍ በእኩል ስለሚለዝብም በዋናው ድምፅ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች (የዋናው ድምፅ 3 እጥፍ፣ 5 እጥፍ ወዘተ የሆኑ ድምፆች) ይታከሉበታል፦ ክራሩ 220 ሄርዝ ላይ ከተመታ 660 እና 1100 ሄርዝ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ይወለዳል። በስልክ ስፒከር የሚያዳምጥ ሰው ባሱን በደንብ መስማት የሚችለው በእነዚህ ሃርሞኒኮች አማካይነት ስለሆነ፣ የባስ ጊታር ትራክ ከዚህ ፕለጊን በጣም ይጠቀማል።

አሁን ፕለጊኑን እንክፈት። ለጀማሪ በነጻ የሚገኘው ቻው ቴፕ ሞዴል በቂ ነው፤ ውድ የሆኑትን ለመግዛት የሚያጣድፍ ምክንያት አይታየኝም። ወሳኙ ነገር ወደ ፕለጊኑ የሚገባው የድምፅ መጠን ነው። ብዙዎቹ የቴፕ ፕለጊኖች የቪዩ መለኪያቸው (የድምፁን አማካይ መጠን በመርፌ የሚያሳየው) ዜሮ ከዲጂታሉ ጣሪያ (ሳይቆረጥ ሊቀዳ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) 18 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲገኝ ሆነው የተስተካከሉ ናቸው። ስለዚህ በጣም ዝቅ ብሎ የተቀዳ ትራክ ሲገባባቸው ምንም የሚሰማ ለውጥ አይኖርም፤ ጣሪያው ድረስ ተጭኖ የተቀዳው ደግሞ ገና ሲገባ ይሻክራል። የኢንፑቱን ቁልፍ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉና መርፌው ዜሮ አካባቢ ሲወዛወዝ፣ በጠንካራ ምት ላይ ብቻ ዜሮን ሲያልፍ አቁሙ።

(ስክሪን፦ መርፌው፤ ቀጥሎ የኢንፑትና የአውትፑት ቁልፎች)

ከዚያ አውትፑቱን ኢንፑቱ ከፍ ባለበት ልክ ዝቅ አድርጉና፣ ፕለጊኑን እያጠፋችሁና እያበራችሁ ሁለቱ እኩል እስኪሰሙ ድረስ በጆሯችሁ አስተካክሉት። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ስለሚወስድ፣ የተበላሸውም ያማረ ይመስላል።

የቴፑ ፍጥነት ምርጫ ከተሰጣችሁ፣ በሰከንድ 15 ኢንች ዝቅተኛውን (የባሱን) ድምፅ ያወፍራል፣ 30 ኢንች ደግሞ ከፍተኛውን (ቀጭኑን) ንጹሕ አድርጎ ያቆያል። ለክራርና ለባስ 15ን እመርጣለሁ።

ጸናጽልን ወይም ሲምባልን በመሰሉ ትራኮች ላይ ኦቨርሳምፕሊንግ የሚለውን (ፕለጊኑ ከፕሮጀክቱ በበለጠ የናሙና ፍጥነት እንዲያሰላ የሚያደርገውን) ማብራት ያስፈልጋል። በ44.1 ኪሎ ሄርዝ (በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና) በተከፈተ ፕሮጀክት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው ከፍተኛ የድምፅ ድግግሞሽ የዚያ ግማሽ፣ 22.05 ኪሎ ሄርዝ ነው። የ8 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ አምስተኛ ሃርሞኒክ 40 ኪሎ ሄርዝ ስለሚሆን፣ ቦታ አጥቶ ወደ ታች ይታጠፍና 4.1 ኪሎ ሄርዝ ላይ ከዜማው ጋር ዝምድና የሌለው ድምፅ ሆኖ ይመጣል። ኦቨርሳምፕሊንግ ኮምፒውተሩን ቢያደክምም ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅን ግን ፕለጊኑ አያድነውም፤ እንዲያውም ጫፎቹ ሲለዝቡና ትራኩ መልሶ ከፍ ሲደረግ የክፍሉ ማስተጋባት ይበልጥ ይሰማል። ማሲንቆም ጥንቃቄ ይሻል፤ በጭራ የሚገዘገዘው ክር በራሱ በሃርሞኒክ የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ሲበዛበት ይሻክራል። የድሮ ካሴት ድምፅ የሚናፍቁ ሰዎች በፕለጊኑ ውስጥ ያለውን የጀርባ «ሽሽ» ድምፅና የፍጥነት መዋዠቅ ሲጨምሩ አያለሁ። እነዚህ ግን በአመዛኙ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥና ቴፑ ሲያረጅ የሚብሱ ጉድለቶች ናቸው፤ ከሳቹሬሽን ጋር ስለማይገናኙ አጥፍታችሁ ጀምሩ።

በየትራኩ ላይ ጥቂት ጥቂት ከተጠቀማችሁ በማስተሩ (ሁሉም ትራኮች ተቀላቅለው በሚወጡበት የመጨረሻ ትራክ) ላይ የሚጨመረው እጅግ መቀነስ አለበት፤ የሁሉም ትራክ ሃርሞኒክ እዚያ ይጠራቀማልና። ከበሮው ሲመታ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ የሚሻክር ከሆነ፣ በቅድሚያ የማስተሩን ኢንፑት ሁለት ዴሲቤል ቀንሱና እንደገና አዳምጡ።