ኮንዶም ለምን ይቀደዳል?
(ለረጅም ርቀት ከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

«ኮንዶም ተጠቀሙ» የሚለውን ምክር ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ነግሯችኋል። እኛ የመጣነው ተጠቅመውም አባላዘር በሽታ የሚይዛቸው ሰዎች ለምን እንደሚያዙ ለመነጋገር ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከአያያዝና ከአጠቃቀም ነው።

በአያያዙ እንጀምር፤ በእናንተ ሥራ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። በሚሌና በሰመራ በኩል በበጋ እንኳ ፀሐዩ አይቻልም፤ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ተዘግቶ የቆመ ጋቢና ደግሞ ይብሳል። ኮንዶም የሚሠራበት ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ነው፤ ሙቀት ላይ ሲከርም ይዳከማል። ዳሽቦርድ ላይም ሆነ የኋላ ኪስ ውስጥ አታክርሙት። ሻንጣችሁ ውስጥ፣ በልብስ መሃል ይቀመጥ።

ከመክፈታችሁ በፊት የማብቂያ ቀኑን እዩ። ማሸጊያውን በጣት ስትጫኑት አየር እንደያዘ ካልተሰማችሁ ተበስቷልና ጣሉት። በጥርስ ወይም በምላጭ አትክፈቱ። ብልት ከቆመ በኋላ፣ ምንም ንክኪ ሳይኖር፣ የኮንዶሙን ጫፍ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ጥቅሉን እስከ ሥሩ ዘርጉት፤ ጫፉ ላይ የታመቀ አየር ሊያስቀድደው ይችላል። አልዘረጋም ካለ በተገላቢጦሽ ይዛችሁታል። ገልብጣችሁ አትልበሱት፤ ብልት የነካው ወገን ወደ ውጪ ይዞርና ፈሳሹን ለሌላው ያደርሳል። አዲስ ክፈቱ።

ቫዝሊን፣ ቅቤና የሰውነት ቅባት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማሉ። የጎማ ቱቦ ዘይት ሲጠግብ ምን እንደሚሆን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ማለስለሻ ካስፈለገ በውሃ የተሠራውን ከፋርማሲ ግዙ። ሁለት ደርቦ መልበስም አይረዳም፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ።

ከረጫችሁ በኋላ ብልት ሳይላላ፣ ኮንዶሙን ከሥሩ ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ ከላላ በኋላ ግን ውስጥ ይቀራል ወይም ይፈስሳል።

በትክክል የተለበሰ ኮንዶም ኤች አይ ቪንና ጨብጥን በደንብ ይከላከላል። ቂጥኝና ሄርፐስ (ብልት አካባቢ ውሃ የሚቋጥር ቁስል የሚያወጣ በሽታ) ግን ኮንዶሙ ካልሸፈነው ቆዳም ሊተላለፉ ይችላሉ። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ባይታከምም በ3 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀጥላል። ጨብጥ ደግሞ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። እናንተ ብቻ ታክማችሁ ባለቤታችሁ ካልታከመች መልሶ ይይዛችኋል። በግምት የተገዛ ካፕሱል ቂጥኝንም ሆነ ጨብጥን ለማዳን አይታመንም፤ ተመርመሩ።

ቢቀደድስ? ጭነቱን አራግፌ እሄዳለሁ አትበሉ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። እርግዝናን ለመከላከል የሚወሰደው ድንገተኛ ክኒንም እንዲሁ መቆየት አይወድም። በመንገዳችሁ ያለ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ግቡ። የኤች አይ ቪ መከላከያው 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣልና፣ መንገድ ላይ እንደምትከርሙ ለባለሙያው ነግራችሁ ሙሉውን ይዛችሁ ውጡ።