ያገለገለ ፖርሽ 911 ልትገዙ ነው? ሲሊንደሩን ሳታዩ አትክፈሉ

ማርታ፦ ሰላም አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መኪና ብቻ ነው። ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል ስለሆነው ፖርሽ 911፣ አዋቂዎቹ የመጀመሪያው 997 ስለሚሉት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ዳዊት፣ ለምን እሱን መረጥን?

ዳዊት፦ ብዙ ሰው "አሁንስ አቅሜ ይችለዋል" ብሎ 911 ውስጥ የሚገባው በእሱ በኩል ስለሆነ ነው። ካሬራ የሚባለው መነሻ ሞዴል ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ 325 የፈረስ ጉልበት ነው። ካሬራ ኤስ 3.8 ሊትር፣ 355። መሪው ገና በዘይት ግፊት የሚታገዝ ነው፤ መንገዱ እጅህ ላይ ይሰማሃል። በጣም የሚያስደስት መኪና ነው። ግን ሞተሩ ከተበላሸ የሚጠይቅህ ገንዘብ የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ማርታ፦ እዚህ አሜሪካ ይህን መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አይ ኤም ኤስ ተቀይሯል?" ብሎ ነው።

ዳዊት፦ አዎ፣ ጥያቄው ስህተት አይደለም። ግን ሰዉ እሱን ጠይቆ ልቡ ያርፋል፣ ከዚያ ትልቁን ነገር ሳያይ ይገዛል። አይ ኤም ኤስ ማለት ከክራንክ ሻፍቱ ኃይል ተቀብሎ በሰንሰለት ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ካምሻፍቶች የሚያዞረው መካከለኛ ዘንግ ነው። ዘንጉን በአንድ ጫፍ የሚይዘው ኩሽኔታ ከተሰበረ ሰንሰለቱ ይስታል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። በአሜሪካ የጋራ ክስ ቀርቦበት በ2013 በስምምነት ተዘግቷል። ክሱ የሸፈነው ግን ከግንቦት 2001 እስከ የካቲት 2005 የተሠሩትን ነው።

ማርታ፦ ስለዚህ የ2006፣ የ2007 እና የ2008ቱ እዚያ ውስጥ የሉም።

ዳዊት፦ የሉም፤ ምክንያቱም ፖርሽ ኩሽኔታውን በትልቅ ቀይሮታል። ትልቁ በጣም የተሻለ ነው። አንድ ችግር አለው፦ የሞተሩ አካል ለሁለት ካልተከፈተ አይወጣም። ስለዚህ ሻጭ "የ2007 መኪና ነው፣ አይ ኤም ኤሱን አስቀይሬዋለሁ" ካለህ፣ ሞተሩ መፈታቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ ወይ አያውቅም፣ ወይ እየዋሸህ ነው። የ2005ቱ ግን ተቀላቅሏል፤ ትንሹም ትልቁም አለበት። ካምቢዮና ፍሪሲዮን ወርዶ በዓይን ካልታየ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ትልቁን የያዘ መኪና ፍሪሲዮን ሲቀየር መካኒኩ የኩሽኔታውን የውጪ ማሸጊያ ጎማ እንዲያነሳው ንገሩት። ውስጡ የቆየው ግሪስ ጊዜው አልፏል፣ ያኔ የሞተሩ ዘይት ገብቶ ያለሰልሰዋል።

ማርታ፦ እሺ፣ ትልቁ ነገር ያልከው ሲሊንደሩ ነው።

ዳዊት፦ የሲሊንደር መጫር። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ብረት ሽፋን የለውም። አሉሚኒየም ሆኖ ግድግዳው ላይ ጠንካራ የሲሊከን ቅንጣቶች አሉት። ፒስተኑም አሉሚኒየም ነው፣ በላዩ ቀጭን ሽፋን ተቀብቷል። ያ ሽፋን ሲለቅ አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ይፋተጋል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር፣ ሰፊ ጭረት ይወጣል።

ማርታ፦ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ጎን ነው አይደል?

ዳዊት፦ ከ4 እስከ 6 ቁጥር ባሉት፣ በቀኝ በኩል። በተለይ 6 ቁጥር። ሞተሩ የተኛ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። በቀኝ በኩል ፒስተኑ በፍንዳታው ግፊት የሚደገፈው ወደ ላይኛው ግድግዳ ነው፣ ዘይት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ብርድ ላይ ተነስቶ ሳይሞቅ አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና፣ ቤንዚን ከመጠን በላይ የሚረጭ እንጀክተር፣ ይህ ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል። ለዚህ ነው 30,000 ማይል ብቻ ነድቶ ክረምቱን ሁሉ ሱቅና ቤት የተመላለሰ መኪና፣ ሀይዌይ ላይ 90,000 ከነዳ መኪና ሊብስ የሚችለው። እኔ ማይል ብቻ አይቶ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ያሳዝነኛል።

ማርታ፦ ምልክቱን ንገራቸው።

ዳዊት፦ ሦስት ነገር። አንደኛ ድምፅ፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በቆመበት ሲሠራ፣ በቀኝ በኩል ደረቅ "ቸክ ቸክ" የሚል ምት። ብርድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማና የሚጠፋ ድምፅ ሌላ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት እስኪደርስ ነው። ሁለተኛ የጭስ ማውጫ፦ ነጭ ጨርቅ ይዘህ ሁለቱንም ወገን ጥረግ። ሁለቱም ትንሽ ጥቁር መሆናቸው የተለመደ ነው። አንዱ ደርቆ፣ ሌላው እርጥብና ዘይት የነካው ጥቀርሻ ካለው አቁም። ሦስተኛ የዘይት ፍጆታ፤ ባለቤቱ በስንት ማይል አንድ ሊትር እንደሚጨምር ጠይቁ፣ ኮፈኑ ስር የተቀመጠ ጅምር የዘይት ጠርሙስ ካለም ተመልከቱ።

ማርታ፦ ግን ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነው። ማረጋገጫው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው።

ዳዊት፦ ካሜራ፣ እሱም ከየት እንደገባ ነው ጥያቄው። ብዙ ጋራዥ ካንዴላውን ነቅሎ ከላይ ያያል፣ "ንጹህ ነው" ይልሃል። ጭረቱ የሚጀምረው ግን ከታችኛው ክፍል ነው፣ ከላይ ሆነህ መጀመሪያውን ላታየው ትችላለህ። ትክክለኛው ከታች ነው፤ ዘይቱ ይወርዳል፣ የዘይት መያዣው ክዳን ይፈታል፣ ፒስተኖቹ በየተራ ወደ ላይ ጫፍ ይዞራሉ፣ ካሜራው ከስር ይገባል። ስድስቱም ሲሊንደር ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል።

ማርታ፦ ሻጩ "ሞተሬን አላስፈታም" ይላል።

ዳዊት፦ ይላል፣ መብቱም ነው። ስለዚህ ወጪውን አንተ ቻል። ከ8 ሊትር በላይ አዲስ ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ማሸጊያ ሲሊኮን፣ የሠራተኛ ሰዓት። መኪናውን ባትገዛው እንኳ እሱ ነጻ የዘይት ለውጥና የሞተሩን ፎቶ ያገኛል። ብዙ ጊዜ እሺ የሚሉት እንዲህ ሲቀርብላቸው ነው። ክዳኑ ሲወርድ ደግሞ ውስጡ የተቀመጠውን ተመልከቱ፦ ቡናማ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ ከሰንሰለት መሪው ነው። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጉ። ከተያዘ ብረት ነው፣ ኩሽኔታን ያስጠረጥራል። ካልተያዘ አሉሚኒየም ነው። የድሮው ፊልትሮም ተቀዶ ወረቀቱ ይዘርጋ።

ማርታ፦ ተጭሮ ከተገኘስ? ዋጋ አስቀንሶ መግዛት ይቻላል?

ዳዊት፦ ሞተር በትክክል ለማሠራት፣ አዲስ ሲሊንደር አስገብቶ፣ እዚህ አገር ከ20,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሻጩ ያን ያህል ከቀነሰ ግዛ። የ3,000 ዶላር ቅናሽ ግን ምንም አይደለም።

ማርታ፦ እሺ። አሁን እኔ በጣም የምወደው ክፍል፣ ኮምፒውተሩ። የእጅ ማርሽ ላለው 997 የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ ከመጠን በላይ የዞረበትን ጊዜ በ6 ደረጃ ይመዘግባል። ዱራሜትሪክ የሚባለው መሣሪያ ያነበዋል፣ የፖርሽ ነጋዴም በራሱ መሣሪያ አትሞ ይሰጣል። የሚቆጠረው ደቂቃ ሳይሆን የካንዴላ ብልጭታ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ይበልጫል። በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ በሰከንድ 400 ብልጭታ ማለት ነው። ስለዚህ "200" የሚል ቁጥር ስታዩ ግማሽ ሰከንድ ነው።

ዳዊት፦ የታችኞቹ ደረጃዎች አያስደነግጡም፣ እግሩን የጫነ ሰው ነው። ከ4ኛ ጀምሮ ያሉት ግን ሞተሩ በራሱ ሊደርስበት የማይችል ፍጥነት ነው። 5ኛ ማርሽ ላስገባ ብሎ 3ኛን ሲያስገባ፣ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል።

ማርታ፦ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ የመጨረሻው የሆነበት የሥራ ሰዓት አለ። ሞተሩ አሁን 2,300 ሰዓት ላይ ሆኖ የመጨረሻው በ1,150 ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ጊዜ ሠርቷል፣ ጉዳት ቢኖር ይወጣ ነበር። 2,290 ላይ ከሆነ፣ ሰውዬው ማርሽ ሳተ፣ ፈራ፣ ሊሸጥ አወጣው ብላችሁ ጠርጥሩ። በዚያው ወረቀት ማይሉን ለሰዓቱ አካፍሉት። 60,000 ማይል በ2,000 ሰዓት፣ በሰዓት 30 ማይል፣ ጤነኛ ነው። 60,000 በ4,500 ሰዓት ከሆነ 13 ነው። ወይ ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ያረጀ ነው፣ ወይ የማይል ቆጣሪው ተነክቷል።

ዳዊት፦ መኪናውን ለማየት ስትሄዱ "ሞተሩን እንዳታስነሳ" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ስትደርሱ የጭስ ማውጫውን በእጅ ንኩ። ሞቆ ከተገኘ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሳ ትንሽ ጭስ ችግር የለውም፣ የተኛ ሞተር ነው። ነጭ ደመና ግቢውን ከሸፈነ ግን ዘይትን ከአየር የሚለየው ክፍል አልቋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ለማንሳት ሞክሩ፤ ወደ ውስጥ አጥብቆ ከሳበው ያው ነው። ይህ የሚቀየር ዕቃ ነው፣ ከዋጋ ላይ ይነሳል።

ማርታ፦ ከፊት ፓራውልት ባሉት ቀዳዳዎች በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ቅጠል ተከማችቶ እርጥበት ይይዛል፣ የኤሲውን ኮንደንሰርና ራዲያተሩን ይበላዋል። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከውስጥ በኩል የሻሲ ቁጥርና የዕቃ ኮዶች ያሉበት ወረቀት ተለጥፎ መገኘት አለበት። ከሌለ ኮፈኑ ተቀይሯል፣ ማለትም ፊቱ ተመትቷል ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ደግሞ ኮዶቹን አንብቡ፦ 450 የሴራሚክ ፍሬን ነው። የፍሬኑ መያዣ ቢጫ ሆኖ ኮዱ ከሌለ ቀለም ብቻ ነው።

ዳዊት፦ ቀለሙን በመለኪያ። የፋብሪካው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። 300 ካነበበ እንደገና ተቀብቷል፣ 500 ካለፈ ከስሩ ስቱኮ አለ። ጎማው ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በዚህ ኃይል አትንዱበት።

ማርታ፦ "አዲስ አበባ ልላከው" ብለው የሚያስቡ አሉ። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። ያንን ሐሳብ ይዛችሁ አትግዙ።

ዳዊት፦ ወረቀቱስ?

ማርታ፦ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ይሁን። "የጓደኛዬ ነው፣ እኔ ነኝ የምሸጥለት" ከተባለ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ። የመኪናውን ታሪክ የሚያሳየው ካርፋክስ ብቻ አይበቃም፣ መድን ድርጅት አለቀ ያለውን መኪና በሌላ ስቴት ንጹህ ወረቀት የሚያወጡለት አሉ። ኤንኤምቪቲአይኤስ የሚባለውን የፌዴራል መዝገብም ፈትሹ። የሻሲ ቁጥሩን በመስታወቱ ስር፣ በበሩ ላይና በወረቀቱ አስተያዩ። ቀብድ ስትሰጡ "ከታች በካሜራ ምርመራና በኮምፒውተር ንባብ ካልረካሁ ይመለሳል" ተብሎ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙ። ባንክ ብድር ካለበት ደግሞ ገንዘቡን ለሻጩ አትስጡት። አበዳሪው ቅርንጫፍ ካለው አብራችሁ ሂዱ፣ ቀሪውን ዕዳ በቀጥታ ለባንኩ ክፈሉ፣ የሚተርፈውን ለእሱ። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ሳትይዙም ቁልፉን ተቀብላችሁ አትውጡ።