622ኛው ማንን ይነካል? የፕሮቲን ንክኪ እንዴት ይነበባል

[ምስል፦ የጣና ዳርቻ በረፋድ፤ ቀጥሎ የላፕቶፕ ስክሪን]

ሰላም ከባሕር ዳር። እዚህ ጣና ዳር ወባ ለማንም እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በየሰፈሩ የሚተኛ ሰው አይጠፋም፤ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ይመረመራል፣ ኮአርተም ይዞ ይመለሳል። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ከአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ የወባ ተሕዋሲ ላይ አንድ ለውጥ አሳየ። ኬልች 13 በሚባለው ፕሮቲን 622ኛው ቦታ ላይ መኖር የነበረበት አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በአይሶሉሲን፣ ተተክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ይህንን ለውጥ ተሕዋሲው አርቴሚሲኒንን ከመላመዱ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይዞታል።

ፕሮቲኑ 726 አሚኖ አሲድ አለው። የተቀየረው አንድ ብቻ ነው። እንዴት አንዱ ይህን ያህል ይሠራል? እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ያ አሚኖ አሲድ ማንን ይነካ ነበር? የዛሬው ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ስለዚህ ነው።

[ስክሪን፦ የተዘረጋ ሰንሰለት፣ ከዚያ የተጠቀለለ]

ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ሰንሰለቱ ሲጣጠፍ ግን በተራ ቁጥር የሚራራቁት ጎን ለጎን ይመጣሉ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በመኪና ስትሄዱ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በአዘዞ ዞራችሁ፣ ቆላ ድባን አልፋችሁ ነው የምትደርሱት፤ በጀልባ ግን ጣናን ሰንጥቃችሁ ትገባላችሁ። ተራ ቁጥር የመኪናው መንገድ ነው። እኛ የምንለካው በሐይቁ ላይ ያለውን ነው።

ልኬቱ በአንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ዳታው ያለው በፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት ሰባት ስትራክቸር (የተለካ የፕሮቲን ቅርጽ) ብቻ ነበረው፣ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፣ ሁሉም በነጻ። ፋይሉን ስትከፍቱት የምታገኙት የአቶሞች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ አቶም ሦስት ቁጥር አለው፣ በሦስት አቅጣጫ የት እንደተቀመጠ የሚናገር። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ማስላት ነው። ትልቅ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ከዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች ፔዳም ሆናችሁ ፖሊ፣ የእጃችሁ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ፋይሉን አንዴ ካወረዳችሁት ደግሞ ኢንተርኔትም አያስፈልጋችሁም።

አሁን ዋናው ነገር። «ተነካኩ» የምንለው መቼ ነው?

አንድ ቋሚ መልስ የለም። በጣም የተለመደው፣ የሁለቱ አሚኖ አሲዶች ቤታ ካርቦኖች (ከሰንሰለቱ የሚወጣው ክንድ የመጀመሪያ ካርቦን) ርቀት ከ8 አንግስትሮም ሲያንስ ንክኪ ነው የሚለው ነው። ግላይሲን ቤታ ካርቦን ስለሌለው በእሱ ፋንታ ሰንሰለቱ ላይ ያለው አልፋ ካርቦኑ ይወሰዳል። ይህ መለኪያ ፈጣን ነው፣ የፕሮቲኑን አጠቃላይ ቅርጽም ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሌላው መንገድ ከሃይድሮጂን በቀር ሁሉንም አቶሞች አይቶ፣ ከአንዱ ማንኛውም አቶም እስከ ሌላው ማንኛውም አቶም ከ4.5 አንግስትሮም ካልበለጠ መቁጠር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዝርዝር አይሰጧችሁም። ምክንያቱን ላሳያችሁ። አርጂኒን ረጅም ክንድ አለው፣ ቻርጁ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ ከግሉታሚክ አሲድ ጫፍ ጋር ተያይዞ ሳለ የሁለቱ ቤታ ካርቦኖች ከ8 በላይ ተራርቀው ሊገኙ ይችላሉ። በመጀመሪያው መለኪያ ይህ ንክኪ የለም ማለት ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ያዙ፣ ቁጥሩን ከዚያ ምረጡ። ብዙ ሰው ኮድ ከሆነ ቦታ ገልብጦ ውስጡ ያለውን 8 ሳያየው ያልፋል፣ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

[ስክሪን፦ የንክኪ ካርታ፣ የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት]

ይህ የንክኪ ካርታ ይባላል፤ የሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ቤታ ሰንሰለት ነው። አግድም 146 አሚኖ አሲድ፣ ቁልቁል ያው 146። ጥንዶቹ 10,585 ናቸው፤ የተነካኩት ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ሰያፉን መስመር ተከትሎ ወፍራም ጥቁር ታያላችሁ፦ እሱ አልፋ ሄሊክስ (ሰንሰለቱ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘበት) ነው፣ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከእሱ አራት ቁጥር ከሚርቀው ጋር ስለሚገናኝ። ቤታ ሺት (የሰንሰለቱ ክሮች ጎን ለጎን የተደረደሩበት) ያለው ፕሮቲን ቢሆን ከሰያፉ የወጡ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ ነበር። ክሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሮጡ መስመሩ ሰያፉን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል፣ በአንድ አቅጣጫ ከሮጡ ከሰያፉ ጎን ለጎን ይሄዳል። በጣም የሚጠቅሙን ግን ከሰያፉ ርቀው ያሉት ነጠብጣቦች ናቸው፤ ፕሮቲኑን አጣጥፈው የሚይዙት እነሱ ናቸውና። ለዚህ ነው በተራ ቁጥር የሚጎራበቱትን ከቆጠራው የምናወጣው።

ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ምን ከምን እንደተገናኘ ማየት አለባችሁ። ሁለት ሲስቲኖች ሰልፈራቸው 2 አንግስትሮም ገደማ ላይ ከሆነ ዳይሰልፋይድ ነው፣ ጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከ3.5 በታች ከሆኑ ሃይድሮጂን ቦንድ ልትሉት ትችላላችሁ፣ አንግሉ ከፈቀደ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ጫፎች ከ4 በታች ሲሆኑ ሶልት ብሪጅ ነው። ውሃ የሚሸሹት፣ እነ ሉሲን፣ ቫሊንና ፌኒልአላኒን፣ ተጠጋግተው መሀል ላይ ይሸጎጣሉ።

[ስክሪን፦ ከዳታ ባንኩ የወጣ ስትራክቸር፣ መለያው 2ኤችቢኤስ]

አሁን በደንብ የታወቀ ምሳሌ ልክፈት፤ ሲክል ሴል፣ ቀይ የደም ሴልን የሚያጣምም በዘር የሚተላለፍ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1957 ቨርነን ኢንግራም የበሽታው መነሻ በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱ እንደሆነ አሳየ። አዳዲስ የጄኔቲክስ ጽሑፎች 7 ሊሉት ይችላሉ፣ የመጀመሪያውን ሜቲዮኒን ስለሚቆጥሩ፤ የስትራክቸር ፋይሉ ግን 6 ይለዋል፣ ተጠንቀቁ።

አንዱን ቤታ ሰንሰለት ብቻ ለይታችሁ የ6ኛውን ንክኪ ብትቆጥሩ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አታዩም። ቦታው ላይ ላዩን ነው ያለው። የሚነካው ነገር ራሱ ጥቂት ነው። ታዲያ በሽታው ከየት መጣ? ፋይሉ ውስጥ ሁለት ሙሉ ሄሞግሎቢን አለ፤ ፍለጋውን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትከፍቱት ቫሊኑ የጎረቤቱ ሞለኪውል ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ፣ ከ85ኛው ፌኒልአላኒንና ከ88ኛው ሉሲን ጋር። ውሃ የሚሸሽ ከውሃ ሸሺ ጋር ተገናኘ። ቻርጅ ያለው ግሉታሚክ አሲድ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይመቸውም ነበር። ኦክስጅኑን የለቀቀው ሄሞግሎቢን በዚህ መንገድ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ረጅም ክር ይሆናል፣ ቀይ የደም ሴሉን የሚያጣምመውም ይህ ክር ነው። ኮዳችሁ «በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ብቻ» የሚል መስመር ካለው ይህን ሁሉ አያይም።

[ስክሪን፦ ስትራክቸር 4ዋይዋይ8፣ 622 በቀይ]

ወደ ወባችን እንመለስ። ይህ የኬልች 13 ስትራክቸር ነው። ሙሉው ፕሮቲን አይደለም፣ ፕሮፔለር የሚባለው ስድስት ክንፍ ያለው ክፍልና ከአጠገቡ ያለው ቁራጭ ነው፤ 622 ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ዛሬ ሰፊ ድጋፍ ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ መላመድ የሚያመጡ ለውጦች የኬልች 13ን መጠን ይቀንሳሉ ወይም ፕሮቲኑን ያዳክሙታል፣ ተሕዋሲው ከደማችን የሚወስደው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፣ አርቴሚሲኒን ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ሄሞግሎቢን ሲፈጭ በሚወጣው ሂም (ብረት ያዘለው ክፍሉ) ስለሆነ መድኃኒቱ በበቂ አይነሳም።

ስለዚህ 622 ላይ የምትፈልጉት ፕሮቲኑን አጥብቆ የሚይዝ ንክኪ ነው። አርጂኒን ስለሆነ የ8ቱን መለኪያ ተዉት። ፓይሞል ወይም ኪሜራኤክስ በሚባሉት የስትራክቸር ማያ ፕሮግራሞች ላይ ክፈቱት፣ በ4.5 ሁሉንም አቶሞች ፈልጉ፣ ኮድ የሚቀላችሁ ባዮፓይተን በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ሥሩት። በጫፉ ናይትሮጅኖች ዙሪያ በ4 ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሁሉ ጻፉ፤ የአስፓርቲክ ነው፣ የግሉታሚክ ነው፣ ወይስ የሰንሰለቱ የራሱ? በመሀል የገባ የውሃ ሞለኪውል ካለም አትዝለሉት። ከዚያ በፓይሞሉ ሚውታጀነሲስ (አሚኖ አሲድ መቀየሪያ) አይሶሉሲን አድርጉትና እንደገና ቁጠሩ። ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ የጠፋውን ለዩ። ይህ የትኛው ንክኪ እንደተቋረጠ ይነግራችኋል፤ ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደላላ ግን አይነግራችሁም፣ እሱ የኢነርጂ ስሌት ወይም የላቦራቶሪ ሥራ ይፈልጋል። ፋይሉ ውስጥ ሰንሰለቱ ሁለት ጊዜ አለ። ሁለቱም ላይ ፈትሹ፣ አንዱ ላይ ብቻ የታየ ንክኪ ካለ ላዩ ላይ ምልክት አድርጉበት እንጂ ገና አትመኑት።