ማነው መድኃኒቱን የለመደው?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ከደሴ ነኝ። ወሬያችን ሆስፒታል ታክሞ ሌላ ሕመም ይዞ ስለ መውጣት ነው።

መጀመሪያ ግን ጃማ፣ ስንዴ ማሳ እንውረድ። ሆስፒታሉ ይደርሳል፣ ቡናችሁን ያዙ። ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጫል። ቅጠለ ሰፊው አረም ጥውልግ ይላል፤ ማሳው ጸዳ፣ ደስ አለ። ሙጃስ? ሙጃ የሣር ዘር ነው፣ ይሄ መድኃኒት አይነካውም። ጎረቤቶቹ ሞቱለት! ቦታው የሱ፣ ዝናቡ የሱ፣ ማዳበሪያው የሱ! እንዲህ እየተረጨ ሲከርም ማሳው ሙጃ በሙጃ ይሆናል። መድኃኒቱ ሙጃን አልፈጠረም፤ ቦታ ለቀቀለት። እደግመዋለሁ፦ ቦታ ለቀቀለት።

ሆስፒታል ማለት ሴፍትሪያክሶን፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚገድለው መርፌ፣ በየቀኑ የሚረጭበት ማሳ ነው። መድኃኒቱ የሚነካቸው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የማይነካቸው እንደ ሙጃው ቦታውን ይወርሳሉ። እንዴት አይነካቸውም? አንዱ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፣ ሌላው መድኃኒቱን ገፍቶ ያስወጣል፤ ይባስ ብሎ ይህን ችሎታ የሚሰጠውን ጂን ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ለጎረቤቱ ባክቴሪያ ያቀብላል። ሜቲሲሊን የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ፤ በ1961 እንግሊዝ ውስጥ እሱን የተላመደ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ መገኘቱ ተዘገበ። 

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል፣ ጠንከር ያለ ይሰጠኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ኧረ ተዉ! ሰውነታችሁ ምንም አልለመደም፤ የለመደው ባክቴሪያው ነው። «ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» በጣም እንጂ! የለመደው ሰውነታችሁ ቢሆን ኖሮ ጣጣው የእናንተው ብቻ ነበር። ባክቴሪያው ግን ከእናንተ ወርዶ ጎን ያለው አልጋ ላይ ይወጣል። በዕድሜው አንድ እንክብል ያልዋጠ ሰው፣ ትናንት የተወለደ ሕፃን እንኳ፣ እሱ ከያዘው መድኃኒቱ አይሠራለትም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የምትገዙትንማ... ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ቪዲዮው ቻናሉ ላይ አለ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ እዩት።

ከአልጋ አልጋ በምን ይሄዳል? በሽንት ቱቦ፣ በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በምትገባው ቀጭን ቱቦ)፣ ከሁሉም በላይ በእጅ። የሐኪም እጅ፣ የነርስ እጅ፣ የእኛም እጅ። ወሎዬ የራሱን ሰው ብቻ ጠይቆ መች ይወጣል? ክፍሉን ያዳርሳል! ለአንዱ «እግዜር ይማርህ»፣ ለሌላው «አላህ አፊያ ያድርግህ» እያለ፣ እየጨበጠ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ። ይሄን ደግነት እወደዋለሁ፣ እንዳትተዉት። ግን እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ መርቁ። ከነካችሁ ደግሞ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹ፤ እጃችሁ ከቆሸሸ በሳሙና ከ40 እስከ 60። ሐኪሙም ከሌላ አልጋ በቀጥታ ሲመጣ ካያችሁ፣ «ዶክተር፣ እጅዎን ታጥበዋል?» በሉት። ቢኮሳተር ይኮሳተር።