ቁጭ ብሎ 9.8 የሚለው ስልክ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔው ነኝ የማወራው። ስለ ስልክና ስለ ፊዚክስ ክፍል።

ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ። ጀርመን፣ አኸን ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች የሚለኩትን በግራፍ ያሳያችኋል።

እስቲ አክሰለሮሜትሩን፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ የሚለካውን ሴንሰር፣ ክፈቱና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ንቅንቅ አይልም፣ አይደል? ግን 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ያነባል፣ ልክ የምድር ስበት የሚሰጠውን ያህል። ተማሪዎቼ ይሄን ሲያዩ "ቲቸር፣ ተበላሽቷል" ይሉኛል። እሺ፣ አሁን ደግሞ ወፍራም ፍራሽ ላይ እንዲወድቅ ልቀቁት። አየር ላይ እያለ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ባሰ! ቁጭ ብሎ 9.8፣ እየወደቀ ዜሮ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሴንሰሩ ውስጥ በዓይን የማትታይ የሲሊኮን ቁራጭ በስፕሪንግ ተይዛለች። ሴንሰሩ የሚያውቀው የስፕሪንጉን መለጠጥ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ስልኩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቁራጯን ግን የሚይዛት ስፕሪንጉ ነው፣ ስለዚህ ይለጠጣል። ሲወድቁ ግን ስልኩም ቁራጯም እኩል ይወድቃሉ። የሚለጠጥ ነገር የለም። አንስታይን በ1907 በርን ውስጥ የፓተንት ቢሮ ሠራተኛ እያለ የመጣለት ሐሳብ ይሄው ነበር፦ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት አይሰማውም። ከዚያ ተነስቶ ነው ጄኔራል ሪላቲቪቲ የሚባለው የስበት ቲዎሪው ላይ የደረሰው።

ሌላም ሙከራ ሞልቷል። ባሮሜትር ያለው ስልክ ይዛችሁ ሊፍት ብትገቡ፣ ወደ ላይ በወጣችሁ በእያንዳንዱ ሜትር የአየር ግፊቱ በ12 ፓስካል ገደማ ይቀንሳል። በሁለት ስልክና በጭብጨባ የድምፅን ፍጥነት መለካትም ይቻላል። ደስ ይላሉ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱ መጽሐፍ ላይ ያለ ሙከራ ተማሪን ብዙም አያነቃውም። ሰከንድ ውስጥ 340 ሜትር አገኘ፣ ጻፈ፣ አለቀ።

አፑ ላይ የስበቱን ድርሻ ቀንሶ የሚያሳይ ሌላ ምርጫም አለ። በእሱ ከሆነ ቁጭ ያለ ስልክ ዜሮ ይላል። አንዳንድ አስተማሪዎች "ልጆቹ እንዳይደናገሩ" ብለው ከዚያ ይጀምራሉ። እኔ አልስማማም። ይደናገሩ እንጂ! ለዚያ አይደል ክፍል የገባነው?

የእኔ ክፍል ሁሌ ለሁለት የሚከፈልበትን ጥያቄ ልተውላችሁ። ስልኩን ወደ ላይ ብትወረውሩት፣ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ፣ ገና ወደ ላይ እየሄደ እያለ ስንት ያነባል? መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ ሞክሩት። መቅለብ የሚችል ሰው ግን አጠገባችሁ ይኑር።